ድህነት ወንጀል ነው ወይ? ከመሪ እስከ እንጦጦ

መሪ

የአዲስ አበባን ታሪክ በሐውልቶቿ የሚቆጥር ሰው ከመገናኛ በስተምሥራቅ ብዙ አይደክምም። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ላይ ቆሟል፤ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ላይ ነው፤ ዐድዋም ፒያሳ ላይ ሙዚየም ተሠርቶለታል። ወደ መሪ የመጣ ሰው የሚያየው ኮንዶሚኒየም፣ የብረታ ብረትና የቀለም ሱቅ፣ የባቡር ሐዲድና ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ነው። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። ነገሥታቱ የት እንደተቀመጡ፣ ጦርነቱ የት እንደተካሄደ በቂ ተጽፏል። ድሃው የት አደረ፣ የት ታገደ፣ ምን ተሸከመ ለሚል ሰው ግን የየካ መንገድ ይሻለዋል፤ ከመሪ ተነስቶ በኮተቤ አድርጎ፣ ሾላን አልፎ እንጦጦ የሚወጣው።

ጠዋት ነው። ከባቡር ፌርማታው ማዶ ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ፤ አንድ ሰው በተባለው ቦታ ሦስት ይገባበታል። ከሕንፃዎቹ ሥር በተዘረጋ ጥላ ውስጥ ጀበና ተጥዷል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እማማ፣ እዚህ ሰፈር ቆዩ?» አልኳቸው።

«የት ቆየሁ ልጄ፣ ገና እንግዳ ነኝ። ፒያሳ ነበርኩ፤ የቀበሌ ቤት። ሰፈሩ ሲፈርስ እዚህ ሰጡን።»

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«ቤቱስ ጥሩ ነው። ውኃው በቤቴ ነው፣ መጸዳጃው ለብቻዬ ነው። ዕድሬን ግን ከየት ላምጣው? እዚያ አርባ ዓመት ያዋጣሁበት ዕድር አለ፤ እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል?»

«የቀበሌ ቤቱን እንዴት አገኙት?» ስላቸው እንደ ቀላል ነገር መለሱልኝ፦ «ከመጀመሪያው የአንድ ትልቅ ሰው ቤት ነበር። እኛ ተከራይ ነበርን። በደርግ ጊዜ ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ እኛም እዚያው ቀረን።»

እኚህ እናት በአንድ ትንፋሽ ያለፉት ነገር የከተማችንን ኑሮ ከሥር የገለበጠ ነው። ከ1967 በፊት አብዛኛው የአዲስ አበባ መሬት በመሳፍንት፣ በመኳንንትና በቤተ ክህነት እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ደግሞ ተከራይ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፤ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሰጠ። ትናንት አከራዩ በፈለገ ቀን የሚያስወጣው ሰው በአንድ ሌሊት ማንም የማይነቀንቀው ነዋሪ ሆነ።

አዋጁ ዕዳም ትቶ አልፏል። ከቀበሌ ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና ስለማይበቃ ጣሪያው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ። አዲስ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስላላዋጣ ለረጅም ዘመን የቤት እጥረት ተከማቸ። ዛሬ በመሪና በአያት የሚታየው የኮንዶሚኒየም ጫካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያንን እጥረት ለመክፈል የተጀመረ ሥራ ነው። ለግንባታው የሚሆነው መሬት ደግሞ ቀድሞ የሚያርሱት ባለይዞታዎች ነበሩት። የአንዱ ቤት ማግኘት የሌላውን እርሻ እንደወሰደ ሳይነገር ይህን ታሪክ መጨረስ አይቻልም።

ስለ 1967 ስንጠየቅ ግን ሁላችንም የምናስታውሰው መስከረም 2ን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው የወጡባትን ቀን። የመኪናዋን ሞዴል የማያውቅ የለም። ሐምሌ 19ን ግን የሚያነሳት የለም፤ ሚሊዮኖች ዛሬም የሚያድሩት እሷ በወሰነችላቸው ቤት ወይም እሷ በፈጠረችው እጥረት ውስጥ ነው።

ኮተቤ፣ የደሴ መንገድ

ከመሪ ወደ ሰሜን ተሻግሬ ኮተቤ ወጣሁ። ይህ የደሴ መንገድ ነው። ከወሎ ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በሰንዳፋ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ደጃፍ ላይ ዛሬም ከደሴ፣ ከወልድያና ከኮምቦልቻ የመጡ ሰዎች ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። የሚቀበላቸው ዘመድ ያለው በዓይኑ ይፈልጋል፤ የሌለው መሬት መሬት ያያል።

በ1965 ዓ.ም. አጋማሽ ወሎ በረሃብ ስትመታ ወደ 1,500 የሚጠጉ ገበሬዎች ችግራቸውን ለንጉሡ ለማሰማት ወደ አዲስ አበባ ተነስተው እንደነበር፣ ፖሊስም እንደመለሳቸው ስለ ረሃቡ በተጻፉ ጥናቶች ተመዝግቧል። ገበሬዎቹ ድንጋይ አልያዙም፤ መንግሥትም አልሰደቡም። «አቤት» ለማለት የመጡ ናቸው። አቤቱታ በአገራችን ጥንታዊ መብት ነው፤ ገበሬ በንጉሡ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ሲል መስማት የጌታ ግዴታ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አቤት ባይ ከተማ እንዳይገባ ተደረገ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በሚያዝያ 1965 ግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪው ተናወጠ። በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ረሃቡን ለዓለም አሳየ። በየካቲት ታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በቀጣዩ መስከረም ዘውዱ ወደቀ። ታሪክ ሲጻፍ ፊልሙም አድማውም የየራሳቸውን ምዕራፍ ያገኛሉ። የተመለሱት ገበሬዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያገኙ ነው። እኔ ግን ኮተቤ ጥርጊያ ዳር ቆሜ ሳስበው፣ የዘውዱ ውድቀት የጀመረው ያ አቤቱታ ከመንገድ ሲመለስ ይመስለኛል። የሚሰማ ጠፋ የተባለ ለት ሕዝብ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ሾላ

ከላምበረት በሚኒባስ መገናኛ፣ ከዚያ በእግር ሾላ። ገበያው ሞልቷል፦ ቅቤ በቅል፣ በርበሬ በጆንያ፣ ቲማቲም በመደብ በመደብ፣ ዶሮው እግሩን ታስሮ። ወደ የካ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ዳር ነዳያን ተደርድረው ተቀምጠዋል። «ስለ ሚካኤል! ስለ እመብርሃን!» ይላሉ። አላፊው ሳንቲም ይጥላል ወይም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ መለመን ነውር አይደለም፤ ሰጪውም ተቀባዩም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላቸው።

ሥርዓቱ የተጣሰው እዚሁ ሾላ ነው። ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለቀሙ ለማኞችና ችግረኞች፣ ለማንም ዓይን እንዳይጎረብጡ፣ እዚህ አካባቢ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ታጉረው ነበር። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ሲያውቁ አደባባይ ወጡ። መፈክራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?»

ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በየካቲት 1957 ይጀምራል፤ ፓርላማው በጭሰኞች ሕግ ላይ ሲከራከር «መሬት ለአራሹ» የተባለበት ሰልፍ። ልክ ነው፣ ትልቅ ቀን ነው። በኋላ አዋጅ ሆኗል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሏል። የሾላው ሰልፍ አዋጅ አልወለደም፤ ስለዚህ ተረሳ። ለእኔ ግን የበለጠ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። መሬቱ ሩቅ ነበር፤ ጎጃም፣ አርሲ፣ ወለጋ። ተማሪው ጭሰኛን የሚያውቀው ወይ ከልጅነቱ ወይ በ1957 ከተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው፤ ያ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ያስተምር ነበር። ሾላ ግን ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ነው። ተማሪው ከምግብ አዳራሹ ወጥቶ፣ ቀበናን ተሻግሮ፣ የሚያየው ነበር። ፍትሕ ማጣት በሩቅ አገር ያለ ነገር አለመሆኑን፣ በየቀኑ በሚያልፍበት ሰፈር መኖሩን ያስተማረው ሾላ ነው።

ጥያቄውም ብልህ ነበር። «ድሆችን መግቡ» ቢሉ መንግሥት በሬ አርዶ ያበላቸውና ነገሩ ይዘጋ ነበር፤ ቸርነት የቤተ መንግሥቱ ሙያ ነውና። «ወንጀል ነው ወይ?» ሲባል ግን ነገሩ ከምጽዋት ወደ መብት ተሻገረ። ሳይሰርቁ፣ ሳይደባደቡ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የታሰሩት በየትኛው ሕግ ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የየዓመቱ ሥራ ሆነ፤ በ1959 ሰልፍን የሚገድበውን አዋጅ በመቃወም፣ በ1960 በዩኒቨርሲቲው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት በመቃወም። ታኅሣሥ 1962 ላይ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመቶ ሲሞት መመለሻው ተቆርጦ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት በሌላው የዓለም ጫፍ ድሆች ራሳቸው ካምፕ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የቆሻሻ ሰብሳቢዎችን አድማ ሊደግፍ በሄደበት ሜምፊስ ከተማ ተገደለ። እሱ ያቀደው የድሆች ዘመቻ ግን አልቀረም። ራልፍ አበርናቲ እየመራቸው ጥቁሮች፣ ነጮች፣ የሜክሲኮ ተወላጆችና ነባር አሜሪካውያን በግንቦት ዋሽንግተን ገብተው፣ ከሊንከን መታሰቢያ አጠገብ በኮምፐርሳቶና በሸራ ጎጆ ቀለሱ። የሰፈሩን ስም «የትንሣኤ ከተማ» አሉት። ዝናቡ አልለቀቃቸውም፤ ጭቃው ጉልበት ደረሰ። ሰኔ 24 ቀን ፖሊስ አፈረሰው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ስለ 1963ቱ የዋሽንግተን ሰልፍና ስለ ኪንግ የ«ሕልም አለኝ» ንግግር በየትምህርት ቤቱ ያስተምራሉ፤ ስለ ጭቃው ሰፈር ግን ብዙዎቹ አይሰሙም። ስለ ዘር እኩልነት የተነገረውን ማስታወስ ይቀላል። ስለ እንጀራ የተነገረው ግን ዛሬም ሒሳብ ያስከፍላል፤ ቶሎ የሚረሳውም ለዚህ ነው።

የሾላ ካምፕ ድሃውን ሊደብቅ ተሠራ፤ የዋሽንግተኑ ድሃው ራሱን ሊያሳይ የሠራው ነበር። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ እዚያ ፍርድ ቤት ደርሶ መልስ አግኝቷል። በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከተማ ለማኝን፣ ሥራ ፈትንና ያለ ዓላማ የሚንከራተትን ሰው የሚያስቀጣ ደንብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓፓክሪስቱ ጉዳይ ደንቡን በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ ምክንያቱም ምን እንደሚከለክል ግልጽ አይደለም፣ ፖሊስ ያሻውን እንዲይዝም በር ይከፍታል የሚል ነበር። በርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት በደቡቡ ክፍል ነፃ የወጡ ጥቁሮችን «ሥራ ፈት» እያሉ አስሮ ለሥራ ማከራየት የተለመደ ነበር፤ ያ ፍርድ «ሥራ ፈት» እያሉ የማሰርን ረጅም ልማድ ነው የገታው። በእኛ አገር ደግሞ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ፤ «አደገኛ ቦዘኔነትን» ለመቆጣጠር ተብሎ፣ መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውስጥ የተገኘን ሰው የሚያስቀጣ። የ1958ቱ ተማሪዎች ጥያቄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ እንኳን አላረጀም።

ገበያውን ዞርኩት። ቅቤ ነጋዴዎቹን፣ በረኛውን፣ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ጠየቅኩ፦ «እዚህ አካባቢ ተማሪዎች ስለ ለማኞች የተሰለፉበት ካምፕ ነበር ይባላል?» ጫማ ጠራጊው ሣቀብኝ፦ «ለለማኝ ማን ይሰለፋል ጋሼ?» በሄድኩበት ሁሉ አንድም ምልክት አላየሁም።

እንጦጦ

ከሾላ በቀበና በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያ ሽቅብ። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ የእግር መንገድ። ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍ ነው፤ ነጩ ዓይነት፣ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጠው። አየሩ ቀዝቅዞ ሽታው ይለወጣል። ቁልቁል ሲወርዱ የሚያጋጥሙኝ ሴቶች ናቸው። ጀርባቸው ጎብጦ፣ ከራሳቸው በላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋ ሸክም ይዘው፣ ወገባቸው በገመድ ታስሮ፣ ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሳ በሩጫ ይወርዳሉ። ቁልቁለት ላይ የተሸከመ ሰው መቆም ይከብደዋልና።

አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ አረፈች። ሰላምታ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ቅጠልና ጭራሮ ነው ወንድሜ። ለእንጀራ ጋጋሪዎች ነው የምሸጠው። በቅጠል የተጋገረ ዓይኑ ያምራል ይላሉ።»

«ስንት ሰዓት ተነሳሽ?»

«በሌሊት ነዋ። ዘበኛ ሳይነሳ ነው መልቀም። ካገኘን ገመዱንም ይወስዳል፣ ሸክሙንም ያስጥለናል። ሌባ ነው የሚሉን። የወደቀ ቅጠል የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የሾላው ጥያቄ ነው፤ በሌላ አፍ የተጠየቀ።

የዚህ ተራራ ታሪክ ሲነገር ምኒልክና ጣይቱ ይቀድማሉ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ግን አንድ ችግር አብሮ ወረደ፦ እንጨት። ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ተራራው ተራቆተ። ቀድሞ የነገሥታት ከተማ ሠራዊቱ እንጨቱን ሲጨርስ ትነሳ ነበር፤ ምኒልክም አዲስ ዓለምን የሠሩት አዲስ አበባን ለመልቀቅ አስበው ነው። ከተማዋን እዚህ ያስቀራት በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብትና ፍየል ቅጠሉን አይበሉትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራው ለመለመ፤ ዋና ከተማዋም እግሯን ተከለች።

እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚጎድለው ቀጣዩ ነው። ዛፉ ተራራ ላይ ነው፤ ምጣዱ ታች ነው። ከተራራው ወደ ምጣዱ ያመጣው ማን ነው? አህያ ያለው በአህያ፤ የሌላት በጀርባዋ። ለመቶ ዓመት ያህል አዲስ አበባ እንጀራዋን የጋገረችው በእነዚህ ሴቶች ወገብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዓለም የሥራ ድርጅት ኑሯቸውን አስጠንቶ ነበር። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ጫካው የመንግሥት ስለሆነም በሕግ ፊት ጥፋተኞች ነበሩ። በኋላ ከእነሱ መካከል ሥራውን የተዉት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር መሥርተው በሽመና መተዳደር ጀመሩ፤ የእንጦጦ መንገድ ዳር የሚሸጡት ሻርፖች የነሱ እጅ ሥራ ናቸው።

ከተራራው ጫፍ ላይ አሁን ፓርክ አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው። የተጠረገ የእግር መንገድ፣ ካፌ፣ ፈረስ፣ የብስክሌት መሄጃ። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ፓርኩ ለብዙ ሰው ሥራ ሰጥቷል፤ ጫካውም ከበፊቱ ተጠብቋል። ነገር ግን ጎብኚው እየተነፈሰ የሚደሰትበትን ዛፍ ከተማ ውስጥ ጥቅም ላይ ያዋለው ማን እንደሆነ የሚነግር ነገር አላገኘሁም። ባሕር ዛፉን ያመጡት ይመሰገናሉ፤ የተሸከሙት ይባረራሉ።

ለአንባቢ

በዚህ መንገድ ያየሁት አራቱም ቦታ አንድ ነገር ይላል። የአገር ኑሮ የሚለወጠው ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚሆነው ብቻ አይደለም። የኪራይ ውል ሲለወጥ፣ አቤት ባይ ከመንገድ ሲመለስ፣ ለማኝ ሲታጎርና አንድ ሰው «በየትኛው ሕግ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሴት ቅጠል ስትሸከም ይለወጣል። እነዚህን ቀናት የምንረሳቸው ትንሽ ስለሆኑ አይደለም፤ ጥያቄያቸው ገና ስላልተመለሰ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ለከተማው አስተዳደር ነው፦ መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲተከል፣ ሾላ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቁም፤ ዓመተ ምሕረቱና የተማሪዎቹ ጥያቄ ብቻ ይጻፍበት። ሁለተኛው ለአንተና ለአንቺ ነው። በቤታችሁ ከ1967 በፊት ተከራይ የነበሩ አያት፣ ከወሎ በእግር የመጡ ጎረቤት፣ እንጨት የተሸከሙ እናት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉት። በሕይወት ያለ ምስክር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ የሚቆየው የተጻፈው ብቻ ነው።